«ኒውክለር ራጅ» ታዘዘልን፣ እንሂድ ወይስ እንቅር? ከጎንደር አንባቢዎች ስለ ፕሮስቴት ካንሰር የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ፕሮስቴት ትንሽ ነገር ጽፌ ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ሌላውን ሁሉ ዋጠው፣ አብዛኛው ደሞ ከጎንደር ከተማና ከዙሪያው ነው። ስማችሁን አላወጣሁም። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ አንድ ዓይነት የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ቅር እንዳትሰኙ። ስለ ጨጓራና ስለ ስኳር የጠየቃችሁ ለሚቀጥለው ወር ታገሱኝ። ለአዲስ አንባቢ፦ ፕሮስቴት ወንዶች ከፊኛ በታች ያላቸው ዕጢ ነው፣ ፒኤስኤ ከዚሁ ዕጢ ሚወጣ፣ በደም ምርመራ ሚለካ ፕሮቲን ነው፣ ባዮፕሲ ከዕጢው ተቆንጥሮ ሚመረመር ሥጋ ነው፣ ቦን ስካን ደሞ ያ «ኒውክለር ራጅ» ሚሉት የአጥንት ምርመራ ነው።

ጥያቄ፣ ከአዘዞ

«ሰላም ዶክተር። አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ሽንት አልወርድ ብሏቸው ሆስፒታል ስንወስዳቸው ፒኤስኤ 96 ሆነ፣ ባዮፕሲ ተወስዶም ፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባለ። ወገባቸውንም ያማቸዋል፣ በተለይ ሌሊት። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ቦን ስካን አሰሩ ብሎ ሪፈር ጻፈልን። ወንድሞቼ ሲቲ ስካን እዚሁ ተነስተዋል አይደል ለምን እንንከራተታለን ይላሉ፣ እናቴ ደሞ ኒውክለር ሚለውን ስትሰማ ጨረሩ ይጨርሳቸዋል ብላ ስታለቅስ ነው ያደረችው። በሬ ሸጠን ነው ምንሄደው። እውነት ያስፈልጋል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር። ኒውክለር ሚለው ስሙ ነው እንጂ ሚያስደነግጠው፣ ነገሩ ክንድ ላይ ባለ ደም ስር ሚሰጥ አንድ መርፌ ነው። መርፌው ውስጥ ቴክኒሺየም 99ኤም ሚባል ጨረር ሚለቅ ንጥረ ነገር አለ፣ እሱም ኤምዲፒ ከሚባል አጥንት ከሚወደው ፎስፌት ጋር ተያይዞ ነው ሚሰጠው። ኤምዲፒው አጥንት ላይ ሄዶ ይቀመጣል፣ ቴክኒሺየሙ ያለበትን ቦታ በጨረሩ ያሳውቃል፣ ጋማ ካሜራ ሚባለው ማሽን ደሞ ያንን ለቅሞ ምስል ያወጣል። ራጅና ሲቲ ጨረሩን ከውጪ ወደ ሰውየው ይልካሉ፣ ይሄኛው ማሽን ግን ምንም አይለቅም፣ ከሰውየው ሚወጣውን ይቀበላል ብቻ። የቴክኒሺየሙ ጉልበት በየ6 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ነው ሚሄደው፣ ብዙውም በሽንት ይወጣል፣ በማግስቱ የቀረው ኢምንት ነው። የጨረሩ መጠንም ከ3 እስከ 5 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ማናችንም ምንም ሳንታመም ከአፈሩም ከሰማዩም ከምንበላውም በዓመት 2 ወይ 3 ሚሊሲቨርት እንወስዳለን። ካንሰር ለማከም ሚሰጠው ጨረር ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ በይልኝ።

አሁን ወደ በሬው እንምጣ። የፕሮስቴት ካንሰር ሲሰራጭ አጥንት ይወዳል፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጎድን፣ የጭን አጥንት። ተራ ራጅ ይሄን ሚያየው ዘግይቶ ነው። ሲቲ ከራጅ በጣም ይሻላል ግን ሚያየው የተነሳበትን ክፍል ነው፣ ሆድና ዳሌ ከተነሳ ጎድኑና ትከሻው አልታየም ማለት ነው። ቦን ስካን ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት በአንድ ጊዜ ያሳያል፣ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው። ግን ልብ በይ፣ ፒኤስኤ 96 ሆኖ ሌሊት ሌሊት ወገብ ሚያም ከሆነ አጥንት ሳይነካ አይቀርም ብሎ ሐኪሙ ሳያይም ይገምታል። ስለዚህ ጥያቄው አጥንቱ ላይ አለ ወይ ሳይሆን ምስሉ ህክምናውን ምን ይቀይረዋል ነው፣ እኔ ለሁሉም ሪፈር ለተጻፈለት ቤተሰብ ምለው ይሄንኑ ነው።

የሚቀይርበት ሁኔታ አለ። አጥንት ላይ የታየው ቦታ 4 እና ከዛ በላይ ሆኖ ቢያንስ አንዱ ከጀርባ አጥንትና ከዳሌ ውጪ ከሆነ፣ ወይም ጉበትና ሳንባ ከተነካ፣ በሽታው በዛ ያለ ነው ይባላል። እንደዛ ከሆነ ሰውየው ከቻሉ ካንሰሩን ሚያሳድገውን የወንድ ሆርሞን ከሚቆርጠው የሆርሞን ህክምና ጋር ዶሴታክሴል ሚባለው ኬሞ ወይም እንደ አቢራቴሮን ያለ እንክብል፣ አንዳንዴም ሁለቱም ይጨመራል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ደሞ ፕሮስቴቱን ራሱን በጨረር መምታት ዕድሜ እንደሚጨምር እንግሊዞች ስታምፒድ በሚባለው ትልቅ ጥናታቸው በ2018 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል፣ በብዙ ቦታ ለተሰራጨባቸው ግን በዛው ጥናት ዕድሜ አልጨመረም። እንግዲህ ነጥቦቹን መቁጠር ትርጉም ሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ጥቅሙ መነሻ ምስል መሆኑ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ሲነሱ ከምን ጋር ያነጻጽሩታል?

ስለዚህ ሐኪሙን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ቦን ስካኑ ሁለት ቦታ ቢያሳይና አስር ቦታ ቢያሳይ ለአባቴ ሚሰጡት ህክምና ይለያያል?» አዎ ካለሽ ሂዱ። አይ፣ በየትኛውም መንገድ ምንሰጠው ሆርሞን ብቻ ነው፣ ኬሞውንም አይችሉትም ካለሽ፣ ወይም የተነሳው ሲቲ ላይ አስራ ምናምን የአጥንት ቦታ ቀድሞ ታይቶ ከሆነ፣ በሬውን አትቸኩሉበት፣ ለመድኃኒቱ ታስፈልጋለች ገንዘቧ። ሐኪም መጠየቅ ድፍረት ሚመስለን ብዙ ነን፣ ግን ሪፈር ጽፎ የሰጠ ሰው ለምን እንደጻፈው ቢጠየቅ ሚከፋ አይመስለኝም፣ ቢከፋውም መጠየቁ መብትሽ ነው።

ምትሄዱ ከሆነ ሳትነሱ በፊት ደውሉ፣ ቀጠሮ አለን ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፣ «በዛ ሳምንት ቴክኒሺየም አለ ወይ» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ምክንያቱም ቴክኒሺየም መደርደሪያ ላይ ሚቀመጥ መድኃኒት አይደለም፣ ጀነሬተር ከሚባል ዕቃ ውስጥ ከሞሊብዲነም በየቀኑ እየተቀዳ ነው ሚወጣው፣ ሞሊብዲነሙ ራሱ በየ66 ሰዓቱ በግማሽ ይደክማል። ዛሬ የገባ ጀነሬተር ከሁለት ሳምንት በኋላ ያን ያህል አይረባም፣ አዲሱ ከውጪ እስኪመጣ ከዘገየ ቀጠሮ ሁሉ ይገፋል። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ወገቡን ሚያመው ሰው በአውቶብስ ሄዶ «የሚቀጥለው ማክሰኞ ኑ» ሲባል ያማል። የሲቲውን ሲዲ፣ የባዮፕሲውን ወረቀት፣ የፒኤስኤውን ውጤት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ምስሉን ሚያነበው ሐኪም እነዚህን ካላየ ግማሹን በግምት ነው ሚጽፈው።

ሁለት ነገር ግን አደራ። የሆርሞን ህክምናው፣ በየወሩ ወይ በየ3 ወሩ ሚወጉት መርፌም ይሁን የዘር ፍሬ ማውጣት ኦፕራሲዮን፣ ቦን ስካን እስኪደርስ ብሎ ሳምንታት መጠበቅ የለበትም፣ ህመም ላለበት ሰው በተለይ። ሁለተኛው፣ እግራቸው ከዛለ፣ ሲራመዱ ከተብረከረኩ፣ መቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ቦን ስካኑን እርሱት፣ እስኪነጋም አትጠብቁ፣ እዛው ጎንደር ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ካንሰሩ የጀርባ አጥንቱን ገፍቶ ህብለ ሰረሰሩን እየተጫነው ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሚያስፈልገው ኤምአርአይ ነው፣ ቶሎ ሚጀመር ስቴሮይድ፣ ከዛ ጨረር ወይ ኦፕራሲዮን። እየተራመደ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እየተራመደ ይቀጥላል፣ ሽባ ሆኖ የደረሰ ግን መመለሱ ከባድ ነው።

ጥያቄ፣ ከዳባት

«ዶክተር፣ የአባቴ ቦን ስካን ውጤት መጣ። በቀኝ 6ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ጎድን፣ በወገብ 4ኛ አጥንት፣ በሁለቱም ጉልበት የጨመረ ክምችት ታይቷል ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ጠያቂ በር ላይ ተሰልፏል፣ ሰውነቱን ወሮታል እያሉ ነው። አባቴ ባለፈው ክረምት ከበቅሎ ወድቀው ጎድናቸውን ተጎድተው ነበር፣ ለሐኪሙ ግን አልነገርነውም።»

መልስ፦ ንገሩት! ዛሬውኑ።

ወንድሜ፣ ቦን ስካን ካንሰር አያይም። ይሄን ስል ሰው ይገረማል ግን እውነት ነው። ሚያየው አጥንት ራሱን ሚጠግንበትን ቦታ ነው። የፋሲል ግንብ አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ ግንበኞቹ እዛ ይሰበሰባሉ አይደል፣ ካሜራው ስንጥቁን ሳይሆን ግንበኞቹን ነው ሚያየው፣ ስንጥቁን ምን እንዳመጣው አይነግርህም። ካንሰር አጥንትን ሲነካ አጥንት ይጠግናል፣ ሲሰበርም ይጠግናል፣ ሪህና የመገጣጠሚያ ማለቅ ሲኖርም፣ ኢንፌክሽን ሲገባም። ምስሉ ላይ ሁሉም ያው ጥቁር ነጥብ ነው።

ስለዚህ አንባቢው ሐኪም ቦታውንና ቅርጹን ያያል። ሦስት ተከታታይ ጎድኖች ላይ፣ አንዱ ካንዱ በታች ቀጥ ብለው በአንድ መስመር ሚታዩ ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ የመውደቅ ታሪክ ናቸው፣ በቅሎዋ ናት። ካንሰር ጎድን ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ የጎድኑን ርዝመት ተከትሎ ይሄዳል፣ ደሞ እንዲህ በሰልፍ አይመጣም። ሁለቱም ጉልበት እኩል ከሆነ ዕድሜና የእርሻ ሥራ ነው። እኔን ሚያሳስበኝ ያ የወገብ 4ኛው አጥንት ነው፣ እሱም ቢሆን የዲስክ አጠገብ የመገጣጠሚያ ማለቅ ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ደሞ መፍትሄው እዛች ቦታ ላይ ሲቲ ወይ ኤምአርአይ ማንሳት ነው እንጂ ሰው በሩ ላይ ማሰለፍ አይደለም። ጋማ ካሜራው ስፔክት ሲቲ ሚባለው ዓይነት ከሆነ እዛው በዛው ቀን ቦታውን በሦስት አቅጣጫ አይቶ መለየት ይቻል ነበር፣ ሌላ ጊዜ ስትሄዱ ጠይቁ።

ስለ ምስሉ ራሱ አንድ ሁለት ነገር ልበልህ፣ ፊልሙን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ምትደነግጡ ብዙ ስለሆናችሁ። ከፊትና ከኋላ የተነሳ ሁለት አጽም ታያለህ። ክንዱ ላይ ድቡልቡል ጥቁር ነገር ካለ መርፌው የተወጋበት ነው። ከታች ዳሌው መሃል ያለው ትልቁ ጥቁር ፊኛው ነው፣ መድኃኒቱ በሽንት ስለሚወጣ። ከጎድን በታች ግራና ቀኝ ደብዘዝ ብለው ሚታዩት ኩላሊቶቹ ናቸው፣ ካንሰር አይደሉም፣ እንዲያውም ኩላሊቶቹ ጨርሶ ካልታዩ ነው ሚያስደነግጠው። በጣም የተሰራጨ በሽታ ያለበት ሰው አጥንቱ መድኃኒቱን ሁሉ ጠጥቶ ለኩላሊት አያስተርፍም፣ ምስሉ እኩል ጠቁሮ ጥርት ያለ፣ ያማረ ሆኖ ይወጣል፣ ላልለመደ ዓይን ጤነኛ ይመስላል። ሱፐርስካን ይሉታል። ደሞ አንዲት የሽንት ጠብታ ሱሪ ላይ ወይም ጭን ላይ ብትፈስ የዳሌ አጥንት ላይ እንዳለ ነጥብ ሆና ትወጣለች፣ ልብስ አስቀይረው፣ ቦታውን አሳጥበው ደግመው ሲያነሱት ይጠፋል። በጠብታ ሽንት ምክንያት ተሰራጭቷል የተባለ ሰው እንዳይኖር ነው ቅያሪ ልብስ ያዙ ምንለው።

ጠያቂዎቹን ቡና አጠጥታችሁ ሸኟቸው፣ ገና አልታወቀም በሏቸው።

ጥያቄ፣ ከአራዳ

«አባታችን 71 ዓመታቸው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቦን ስካን ላይ ብዙ ቦታ ተሰራጭቶ ታይቶ የዘር ፍሬ ኦፕራሲዮን ተሰራላቸው፣ ፒኤስኤው ወርዶ 4 ደርሶ ነበር፣ አሁን ግን ተመልሶ 38 ሆነ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ቦን ስካን ያረጀ ነገር ነው፣ ሕንድ ወስዳችሁ ፒኤስኤምኤ ፔት ስካን አሰሩ፣ ቤቱ ይሸጥ ይላል። እኛ ግራ ገባን።»

መልስ፦ ወንድምህ ስለ ማሽኑ ያለው ልክ ነው። ፒኤስኤምኤ የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ቆዳቸው ላይ አብዝተው ሚያወጡት ፕሮቲን ነው። እሱን ፈልጎ ሚጣበቅ ሞለኪውል ላይ ጋሊየም 68 ወይም ፍሎሪን 18 ይታሰርበታል፣ ከዛ ፔት ሚባለው ካሜራ ከሱ ሚወጣውን ጨረር ለቅሞ ያነሳዋል። ቦን ስካን የአጥንቱን ጥገና ሲያይ ይሄኛው ሴሉን ራሱን ነው ሚያየው፣ ስለዚህ አጥንትም ሊምፍ ኖድም (ንፍፊት) ውስጥ አካላትም ላይ ትንንሹን ሳይቀር ያገኛል። ጀርመኖች ሃይደልበርግ ላይ ሰርተውት፣ አሜሪካ በታህሳስ 2020 እ.ኤ.አ. የጋሊየሙን ፈቀደች። በዛው ዓመት አውስትራሊያ ውስጥ 302 ሰዎች ላይ የተሰራ ጥናት ፒኤስኤምኤ ፔት 92 በመቶ ትክክል ሲሆን ቦን ስካንና ሲቲ አንድ ላይ ሆነው 65 በመቶ ላይ ቀሩ። ትልቅ ልዩነት ነው።

ግን እነዛ 302 ሰዎች እነማን ነበሩ? በሽታቸው አስጊ ዓይነት ሆኖ ገና ኦፕራሲዮን ወይ ጨረር ሊደረግላቸው የተዘጋጁ፣ ይድናሉ ተብሎ ሚታሰብላቸው ሰዎች። እነሱ ጋ አንዲት የተደበቀች ሊምፍ ኖድ መገኘቷ ኦፕራሲዮኑን ሊያስቀር ወይም የጨረሩን ቦታ ሊቀይር ይችላል። ሌላው ሚጠቅመው ፕሮስቴቱ ከወጣ በኋላ ፒኤስኤው ከ0.2 ጀምሮ ቀስ እያለ ሲነሳ፣ ከየት እንደመጣ ለመፈለግ ነው። አባታችሁ ከሁለቱም አይደሉም። በብዙ ቦታ እንደተሰራጨ ከሁለት ዓመት በፊት ይታወቃል፣ ፔት ስካኑ ለምሳሌ 14 ነጥብ የነበረውን 22 ነጥብ ቢያደርገው ሚቀጥለው መድኃኒት ያው ነው።

እና ሚቀጥለው ምንድን ነው? ወንድ ሆርሞኑ ከተቆረጠ በኋላ ፒኤስኤ ሲነሳ በሽታው ሆርሞን መቋቋም ጀምሯል ማለት ነው። አቢራቴሮን ወይም ኤንዛሉታማይድ ተሞከረ? ዶሴታክሴል ኬሞስ? ደብዳቤህ ላይ የለም፣ አልተሞከረም ብዬ ነው ምወስደው። ካልተሞከረ የቤቱ ገንዘብ መጀመሪያ መሄድ ያለበት እዛ ነው፣ የስርጭቱን መጠን ለማወቅ ደሞ ያ ወንድምህ አረጀ ያለው ቦን ስካንና ሲቲ ይበቃል፣ የድሮው ምስል ስላላችሁ ማነጻጸርም ይቻላል።

ፒኤስኤምኤ ፔት ለእንደ አባታችሁ ዓይነት ሰው የግድ ሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፣ ሉተሺየም ሚባለው ህክምና ሲታሰብ። ያው ፒኤስኤምኤን ሚፈልገው ሞለኪውል በጋሊየም ፋንታ ሉተሺየም 177 ይታሰርበትና ካንሰሩ ላይ ቆሞ በጨረር ይመታዋል፣ በየ6 ሳምንቱ እስከ 6 ዙር። ፔት ስካኑ ላይ ካንሰሩ ካልበራ ህክምናው ሚያርፍበት የለውም፣ ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ካንሰራቸው ፒኤስኤምኤ በበቂ አያወጣም፣ ስለዚህ ቀድሞ ማየት ግድ ነው። ቪዥን ሚባለው ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ እንክብሎቹንም ኬሞውንም ጨርሰው የነበሩ ሰዎች ላይ ነው የተሞከረው፣ ሉተሺየም ያገኙት ከዛ በኋላ የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 15.3 ወር ሲሆን ያላገኙት 11.3 ወር ነበር። ጥቅም አለው፣ ፈውስ ግን አይደለም፣ አራት ወር ነው ልዩነቱ፣ ይሄን ቁጥር ቤት ሽጡ ሚላችሁ ሰው ፊት አስቀምጡት። እኔ ቤት ሽጡም አትሽጡም አልልም፣ የናንተ ነው፣ ግን ሉተሺየሙን እንደማትከፍሉ እያወቃችሁ ፔት ስካኑን ብቻ ለማንሳት ቤት መሸጥ ለኔ አይዋጥልኝም። እናታችሁ የት ሊገቡ ነው?

ደሞ ከሄዳችሁ አይቀር ተጠንቀቁ፣ ፔት ስካን ሁሉ አንድ አይደለም። በብዛት ሚሰራው ፔት ስካን ስኳር መሰል ነገር ሚወጋበት ኤፍዲጂ ሚባለው ነው፣ ለብዙ ካንሰር አሪፍ ነው ግን የፕሮስቴት ካንሰር ብዙ ጊዜ ስኳር አይወድም፣ ያልፈዋል። ወረቀቱ ላይ ፒኤስኤምኤ ሚለው ቃል በግልጽ መጻፉን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ውጤቱ ላይ ምራቅ ዕጢ፣ እንባ ዕጢ፣ ኩላሊት፣ ትንሹ አንጀት ላይ በርቷል ቢል አትደንግጡ፣ እነሱ ጤነኛ ሰው ላይም ይበራሉ።

ጥያቄ፣ ከአንድ ዲያቆን

«የኔታ 74 ዓመታቸው ነው፣ ቦን ስካን ቀጠሯቸው ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። ከመርፌው በኋላ ብዙ ውኃ ይጠጡ ተባሉ፣ እሳቸው ደሞ እስከ 9 ሰዓት ውኃም አይቀምሱም። ሳይጠጡ ቢነሱስ?»

መልስ፦ ለምርመራው ብሎ መጾም አያስፈልግም፣ ምግብም መድኃኒትም እንደወትሮው ነው። ውኃው ግን ያስፈልጋል። መርፌው ጠዋት 3 ሰዓት ቢሰጣቸው ምስሉ 6 ሰዓት አካባቢ ነው ሚነሳው፣ በዛ መሃል አራት አምስት ብርጭቆ ጠጥተው ደጋግመው ካልሸኑ አጥንት ያልያዘው መድኃኒት ሥጋ ውስጥ ይቀርና ምስሉን ያደበዝዘዋል፣ ፊኛቸው ላይም ጨረሩ ይቆያል። መፍትሄው ሁለት ነው፣ አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮውን ከጾሙ በኋላ ማዞር፣ አስቸኳይ ከሆነ ደሞ የንስሐ አባታቸውን ማነጋገር። ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ምን እንደሚል የኔታ ከኔም ካንተም በላይ ያውቁታል፣ ለሌላ ሰው ሲሆን ይፈቅዱት ነበር፣ ለራሳቸው ሲሆን ነው ሚጠነክሩት። የረመዳን ቀጠሮ የወጣላችሁ አንባቢዎችም ያው ነው፣ ኢማማችሁን ጠይቁ፣ ውኃውን ግን ዝም ብላችሁ አትዝለሉ።

ለየኔታ ሌላም ነገር፦ ጠረጴዛው ጠባብና ጠንካራ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አካባቢ በጀርባቸው ሳይንቀሳቀሱ መተኛት አለባቸው፣ ወገባቸውን ሚያማቸው ከሆነ ማስታገሻቸውን ከአንድ ሰዓት በፊት ይዋጡ። ከመነሳታቸው በፊት ሽንት ይሽኑ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካላቸው ከረጢቱ ይራገፍ። አንገት ላይ ያለ የብር መስቀልም፣ በብር የተለበጠ ክታብም፣ ቀበቶም ይውለቅ፣ ብረት ጨረሩን ስለሚከልል ምስሉ ላይ ጎደሎ ቦታ ይሰራል። ጠበል መጠጣት ይችላሉ ወይ ብለህ በመጨረሻ ለጠየቅኸው፣ ይችላሉ፣ ውኃ ነው፣ እንዲያውም ይጠጡ።

ጥያቄ፣ ከማክሰኝት

«አጎቴ የሆርሞን መርፌ ከጀመሩ ሁለት ወር ተኩል ሆናቸው። ህመማቸው ቀሎ መብላት ጀምረዋል፣ ፒኤስኤ ከ210 ወደ 9 ወረደ። ቦን ስካን ግን ሲደገም ሦስት አዲስ ነጥብ ታየ፣ የድሮዎቹም ጠቁረዋል። መድኃኒቱ አልሰራም ብለን ወደ ሌላ ልንቀይር ነው።»

መልስ፦ አትቀይሩ፣ ቢያንስ ገና። መድኃኒት ሲሰራና ካንሰሩ ሲሸሽ አጥንቱ ቀድሞ ተበልቶ የነበረውን ቦታ በኃይል መጠገን ይጀምራል፣ ቦን ስካን ደሞ ሚያየው ጥገናን ስለሆነ ምስሉ የከፋ ይመስላል፣ ቀድሞ ደብዝዞ ያልታየውም ነጥብ ብቅ ይላል። ፍሌር ይባላል፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አካባቢ ነው ሚታየው። ለዚህ ብለው ነው ተመራማሪዎቹ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «2 ሲደመር 2» በሚል ደንብ ሚሰሩት፣ ህክምና በተጀመረ በመጀመሪያው ድጋሚ ስካን ሁለትና ከዛ በላይ አዲስ ነጥብ ቢታይ ብቻውን አይቆጠርም፣ ቢያንስ ከ6 ሳምንት በኋላ እንደገና ተነስቶ ሌላ ሁለት አዲስ ከተጨመረ ነው ባሰ ሚባለው። ሰው በልቶ፣ ህመሙ ቀሎ፣ ፒኤስኤው ከ210 ወደ 9 ወርዶ ምስሉ ብቻ ቢከፋ እኔ ሰውየውን ነው ማምነው። ገና በሁለት ወር ተኩል ስካን መድገሙም ራሱ ቸኩሏል፣ ለምን እንደታዘዘ አልገባኝም። ግልባጩ ከሆነ ግን፣ ፒኤስኤው እየወጣ፣ ህመሙ እየባሰ አዲስ ነጥብ ከመጣ፣ ያ ፍሌር አይደለም፣ ሐኪማቸው ጋ ቶሎ ሂዱ።

ጥያቄ፣ ከማራኪ

«መምህር ነኝ፣ 61 ዓመቴ ነው። ፒኤስኤ 7፣ ባዮፕሲው ግሊሰን 6 ነው፣ ምንም አያመኝም። ለጥንቃቄ ብዬ በራሴ ገንዘብ ቦን ስካን ልነሳ?»

መልስ፦ አይነሱ። ፒኤስኤ ከ10 በታች ሆኖ ግሊሰን፣ ማለትም ባዮፕሲው ላይ የካንሰሩን ክፋት ሚለካው ነጥብ፣ 6 ከሆነ አጥንት ላይ መገኘቱ እጅግ ሲበዛ ብርቅ ነው፣ ይልቅ የጉልበትዎን ሪህ አይቶ ሳያስፈልግ ሲያስጨንቅዎት ይከርማል። እርስዎ ማነጋገር ያለብዎት ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሐኪም) ነው፣ በክትትል ብቻ መቆየት ይቻል እንደሆነ።

ጥያቄ፣ ከቀበሌ 18

«አባቴን ለቦን ስካን ማስታምመውና ምወስደው እኔ ነኝ፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ቤት ውስጥ ደሞ አያቱ ጭን ላይ ካልተቀመጠ ማያድር የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እንኳን ጠየቅሽ። የዛን ቀን ከአባትሽ ጋር ሌላ ሰው ይሂድ፣ ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ ጎረቤትም ቢሆን። አንቺ ብቻ ከሆንሽ ያለሽው እስከ በር ድረሺና ከመርፌው በኋላ ሌላ ክፍል ጠብቂ፣ ነፍሰ ጡር መሆንሽን ለባለሙያዎቹ ገና ስትገቢ ንገሪያቸው። ቤት ከተመለሱ በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት አጠገባቸው አትተኚ፣ ልጁም ጭናቸው ላይ ሰዓታት አይቀመጥ፣ ከሩቅ ሰላም ማለትና ምግብ ማቀበል ምንም አይደለም። ሽንት ቤት ከተጠቀሙ በኋላ ውኃ ደጋግመው ይልቀቁ ወይም ይድፉበት፣ እጃቸውን በደንብ ይታጠቡ፣ ካቴተር ካላቸው ከረጢቱን የዛን ቀን አንቺ አታራግፊ፣ ሚያራግፈው ሰው ጓንት ያድርግ። ሽንት የነካው ልብስ ለብቻው ይታጠብ። በማግስቱ እንደወትሮው ነው፣ ልጁን ይቀፉት።